መንኰራኵርና መንገድ፤ የቢስክሌት ታሪክ በአገራችን

በወሎ ምድር ስለ መንኰራኵር ከሚተረኩት ታሪኮች ሁሉ እጅግ የታወቀው የሴባስቶፖል መድፍ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች የሠሩላቸውን ይህን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሠረገላ አስጭነው በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሡ። መድፉን እየጐተቱ ያንቀሳቅሱት የነበሩት ሰዎች 500 ያህል ነበሩ። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ስላልነበረ ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈነቀለ፥ ገደል እየናደ፥ ጕድጓድ እየሞላ ይሄድ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው በእጃቸው ይሠሩ ነበር። የጅጣን ገደልና የበሽሎን ሸለቆ አልፈው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነው። ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በመቅደላ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ። መድፉ ግን ዛሬም እዚያው አለ። የሚያሳዝነው ደግሞ ቴዎድሮስ በዚያ ሁሉ ድካም ካሠሩት መንገድ በከፊሉ የተጠቀመበት ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር መሆኑ ነው።

ስለ ቢስክሌት በሚናገር ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ የመድፍን ታሪክ ማንሣቴ አንዳንዱን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጕዳይ አለ፤ ይኸውም መንኰራኵር ያለ መንገድ የማይሄድ መሆኑ ነው። ፈረስና በቅሎ ግን ባገኙት ቀጭን የእግር መንገድ ያልፋሉ። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከዚህ ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በወረኢሉ የተሰበሰበው የዐድዋ ዘማች የሄደው በእግርና በከብት ጀርባ ነው። መንኰራኵር የመጣ እንደ ሆነ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ለዚህ ነገር መንገድ ይሠራለት» ማለት አለበት። ስለዚህ የመንኰራኵርን ታሪክ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «መንገዱ የተሠራው ለማን ነው?» የሚል ይሆናል። እኔም በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ የቢስክሌትን ታሪክ የምመለከተው በዚሁ ጥያቄ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ የሕንደኬ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሠረገላ ተቀምጦ ነቢዩን ኢሳይያስን ሲያነብ እናገኘዋለን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ክፍል በቃላችን ስንማር ሠረገላው የት እንደ ቀረ የጠየቀ አንድም ተማሪ አልነበረም። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ሠረገላ በሚሄድበት አገር ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል፤ በቀጭን የገደል መንገድ ላይ ግን እግርን እንጂ መጽሐፍን ማየት አይቻልም።

ቢስክሌት ራሱ እንዴት እንደ ተገኘ በአጭሩ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ማንሃይም በተባለ ከተማ ሁለት የእንጨት ጎማዎችን አንዱን ከአንዱ ኋላ አሰልፎ፥ ሰውየው ተቀምጦባቸው መሬቱን በእግሩ እየገፋ እንዲሄድ አደረገ። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ፔዳል ተጨመረለት። ከዚያም በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ሁለቱ ጎማዎች እኩል የሆኑ፥ የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚዞርለትን ቢስክሌት አወጣ፤ ዛሬ የምናየው ቢስክሌት የዚያ ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ሦስት እግር ያለው ብስክሌት በአየር የተነፋ የላስቲክ ጎማ ሠራለት። ይህ የመጨረሻው ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው፤ አየር ባይኖር ኖሮ በኮረኮንች ላይ መሄድ ወገብን መስበር ይሆን ነበርና።

በዚህ መሣሪያ የሚሄድ ሰው በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጣው ጕልበት በእግሩ ከሚሄደው ሰው ጕልበት አምስት እጅ አንዱን ያህል ብቻ መሆኑን ሊቃውንት አስልተዋል። ፍጥነቱም ሦስትና አራት እጥፍ ነው። ነዳጅ አይጠጣም፤ ገብስም አይበላም።

ከዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1880 የተቋቋመ የቢስክሌተኞች ማኅበር ነበር፤ በ1898 አባሎቹ ከ100,000 በላይ ደርሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች በየክፍለ ግዛቱ እየዞሩ፥ ጋዜጣ እያሳተሙ፥ እንደራሴዎችን እየጐተጐቱ «የጭቃው መንገድ ይጠረግ፤ ድንጋይ ይነጠፍበት» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ገበሬው በመጀመሪያ «የከተማ ልጆች ለጨዋታቸው እኛን ግብር ሊያስከፍሉን ነው» ብሎ ጠላቸው፤ ኋላ ግን ለእህሉ ሠረገላ የሚጠቅም መሆኑን ሲረዳ ከእነርሱ ጋር ሆነ። መንገዱ ተሠራ። መንገዱ ከተሠራ በኋላ ግን አውቶሞቢል መጥቶ ወረሰው፤ መንገድ ያስጠረጉት ቢስክሌተኞችም ወደ ዳር ተገፉ። ይህን የመሰለ ነገር በኋላ በእኛም አገር እናየዋለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ቢስክሌት የሕዝብ ነገር ሆኖ የታየው በመጀመሪያ በአሥመራ ነው። ያመጡት ኢጣሊያኖች ናቸው። ለዚህም ቋንቋችን ምስክር ነው። «ቢስክሌት» የሚለው ቃል ራሱ ከኢጣሊያንኛው ቢቺክሌታ የመጣ ነው፤ ፍሬን፥ ካቴና፥ ፓራፋንጎ፥ ከላማዳሪ እያልን የምንጠራቸው ዕቃዎች ሁሉ፥ ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታም ጭምር፥ ስማቸው ከዚያው ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲሄድ ቃሎቹን ይዞ አልሄደም።

በአሥመራ የቢስክሌት ውድድር ሲጀመር አገሬው እንዲወዳደር አይፈቀድለትም ነበር። ውድድሩ የነጮች ብቻ ነበር። የዘር ልዩነት ሕግ በጸናበት በዚያ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1939፥ ኢጣሊያኖቹ የበላይነታቸውን ለማሳየት ፈልገው ይሁን ወይም ሌላ ምክንያት ኖሯቸው፥ ከኤርትራውያን ጋር አንድ ጊዜ እንዲወዳደሩ ሆነ። ያሸነፈው ገብረማርያም ገብሩ የተባለው ኤርትራዊ ነው። እንደ እኔ አስተያየት በዚህ በኩል ያለው የቢስክሌት ታሪክ ከዚህ ቀን ይጀምራል፤ ቀድሞ ቢስክሌቱ የገዥው ነበረና። በ1946 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገሩን የሚዞረው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ።

በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተዋሐደች። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ በሄደችበት በሜልቦርን ከተማ፥ በ1949 ዓ.ም.፥ ከሯጮቻችን ጋር አራት ቢስክሌተኞች ተሰለፉ። እነርሱም ገረመው ደንቦባ፥ መስፍን ተስፋዬ፥ ጸሐየ ባህታና ንጉሤ መንግሥቱ ናቸው። ኅዳር 28 ቀን የተደረገው የጎዳና ውድድር ርዝመቱ 187 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። አሸናፊው ኤርኮሌ ባልዲኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሲሆን፥ የእኛ ቡድን በቡድን ውጤት ከዓለም 9ኛ ሆነ። ከሃያ ዓመት በፊት አገራችንን በመርዝ ጋዝ ካጠቃው አገር ልጆች ጋር በአንድ መስመር ላይ ቆመው፥ እነዚያው ባመጡት መሣሪያ ተወዳደሩ ማለት ነው። በዚያ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ከፍ ያለ ውጤት ያገኘችው በሩጫ ሳይሆን በቢስክሌት መሆኑን ስንት ሰው ያውቃል? ከአራት ዓመት በኋላ፥ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልባችን ሁሉ ወደ ሩጫ ሄደ። ይህ የሚያስወቅስ አይደለም፤ የሜልቦርን ቢስክሌተኞች ስም መረሳቱ ግን ያሳዝናል።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ስትሆን የቢስክሌት ዋና ከተማ የነበረችው አሥመራ ከኢትዮጵያ ተለየች። ከዚያ በኋላ የስፖርቱ ማዕከል መቀሌ ሆነች። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በዓለም ትልቁ በሆነው በፈረንሳይ ዙር ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር በሦስት ቀን ድል አድርጎ አረንጓዴውን ማሊያ ለበሰ፤ በዚያ ውድድር የአንድን ቀን ጕዞ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ እርሱ ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ቢስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር በኪጋሊ ተደረገ። «አገራችን ተራራ ስለ ሆነ ቢስክሌት አይሆንም» የሚሉ ሰዎች ሩዋንዳ የሺህ ኮረብታዎች አገር እየተባለች የምትጠራ መሆኗን ቢያስቡት መልካም ነው። አሥመራም ብትሆን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው።

ስለ ውድድር ይህን ያህል ከተናገርሁ ይበቃል። ምክንያቱም አንድ አገር ጥሩ ተወዳዳሪ ስላላት ብቻ ሕዝቧ ቢስክሌተኛ አይሆንም። ቢስክሌት እንጀራ የሚጋገርበትን እህል ወደ ወፍጮ፥ ተማሪን ወደ ትምህርት ቤት፥ ሠራተኛን ወደ ፋብሪካ ሲወስድ ነው በእርግጥ የሕዝብ ሆነ የሚባለው። በዚህ በኩል ከሁሉ ቀድማ የምትጠቀሰው የአማራ ክልል ከተማ ባሕር ዳር ናት።

ባሕር ዳር ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። በጣና ሐይቅ ዳር በሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ መንገዶቿም ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የከተማዋን ፕላን ያወጡት የጀርመን መሐንዲስ ናቸው። ነገር ግን ሜዳ መሆኗ ብቻ አይደለም ያስቻላት። ኢጣሊያ በጦርነቱ ላደረሰችው ጕዳት ከከፈለችው ካሣ በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለዚህ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ መድረስ ያለበት ብዙ ሠራተኛና ብዙ ተማሪ ተገኘ። ደመወዙ መኪና አያስገዛውም፤ ቢስክሌት ግን ያስገዛዋል፤ መግዛት ያልቻለም በሰዓት ይከራያል። በዚያች ከተማ ቢስክሌት መንዳት ለድኃ የተተወ ሥራ አይደለም፤ መምህሩም፥ ነርሷም፥ የቢሮ ሠራተኛውም ይነዳል። ሴቶች ሲነዱ ዞሮ የሚያያቸው የለም። በሌላ ከተማ አንዲት ልጅ ቢስክሌት ብትነዳ ስንት ዓይን እንደሚከተላት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የመሰለ ልማድ በሐዋሳ፥ በድሬዳዋና በባቱም አለ፤ የባሕር ዳር ግን ይለያል።

ያም ሆኖ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ በባሕር ዳርም ቢስክሌት ወደ ዳር መገፋቱን የከተማዋ ሰዎች ይናገራሉ። ከላይ የተናገርሁት የአሜሪካ ቢስክሌተኞች ዕድል ይኸው ነው። መንገድ ለሁሉ ነው እየተባለ ሞተር ያለው ሲበዛበት፥ ሞተር የሌለው ራሱን ለማዳን ይሸሻል።

መንግሥታት ይህን ነገር በሕግና በሥራ ሊያስተካክሉት እንደሚችሉ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የሆላንድ ነው። ሆላንድ ከጥንት ጀምሮ የቢስክሌት አገር ናት ብለን እንገምታለን፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ 3,300 ያህል ሰዎች በመኪና አደጋ ሞተውባት ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ችግር በመጣ ጊዜ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ አዘዘ፤ ሕዝቡም ባዶውን መንገድ አይቶ ወደደው። ዛሬ የምናደንቀው የቢስክሌት መንገዳቸው የተሠራው ከዚያ ወዲህ ነው።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» የተባለው ቀን ተጀመረ፤ በተወሰነ እሑድ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝብ በእግሩና በቢስክሌቱ እንዲጠቀምባቸው ሆነ። ስሙን ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም እንጂ ሊመሰገን ይገባዋል፤ በሁለት ቃል ብዙ ነገር ተናግሯልና። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ሞተር አልባ ትራንስፖርትን ስለ ማስፋፋት ለአሥር ዓመት የሚያገለግል አገር አቀፍ ስትራቴጂ ይፋ አደረገ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩት የከተማ መንገዶች ዳር የቢስክሌት መስመር ተቀለመ። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው አዲሱ የዐባይ ድልድይም 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ሲኖረው፥ ከመኪናው መስመር ሌላ ለእግረኛና ለቢስክሌተኛ የተለየ ቦታ አለው። ቴዎድሮስ ለመድፍ መንገድ ካስጠረጉ፥ ኢጣሊያ ለጦር መኪናው ድንጋይ ካስነጠፈ በኋላ፥ መሐንዲስ ፕላን ሲያወጣ ቢስክሌተኛን አስቦ ልክ ሲሰጥ ማየት በእውነት የሚያስደስት ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የትልልቅ ከተሞች ነገር ነው። ኢጣሊያ የሠራው ዋናው መንገድ ደሴን ይዞ ወደ ሰሜን ሄደ እንጂ ወደ እኛ ወደ ምዕራቡ አልታጠፈም፤ አሁንም ስለ ቢስክሌት የሚነገረው ወሬ በዚያው መንገድ ሄዶ የሚቀር ይመስላል። ስለዚህ ስለ ደጎሎና ስለ አካባቢዋ ልናገር።

የእኛን አገር የማያውቅ ሰው «ወሎ ገደል ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ወደ ወንጭት የሚወርደውን፥ በመካነ ሰላም በኩልም ወደ ዐባይ የሚወርደውን ቁልቁለት በቢስክሌት እወጣዋለሁ የሚል ቢኖር ቀልደኛ ነው። የጃማ ሜዳ ግን ገደል አይደለም። ከአፋፉ ወዲህ ያለው ደጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደ ገበታ የተዘረጋ ነው፤ ስንዴና ጤፍ የሚበቅልበት ጥቁር ዋልካ መሬት ነው። ብዙ ቀበሌዎች ያሉት በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ከዚህ ሜዳ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው በየቀኑ በእግራቸው የሚደክሙት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ቤቱ ከትምህርት ቤት 8 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ተማሪ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለመምጣት ሁለት ሰዓት፥ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። በሳምንት አምስት ቀን 20 ሰዓት በመንገድ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ይኸው ተማሪ ቢስክሌት ኖሮት በኮረኮንቹ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ ጠቅላላው 8 ሰዓት ነው። የሚተርፈው 12 ሰዓት ነው። በ12 ሰዓት የአልጀብራ መልመጃ ተሠርቶ፥ ከብትም ታስሮ፥ እንቅልፍም ይተርፋል።

ከዚህ የባሰ የሚርቁት ደግሞ በከተማ ቤት ይከራያሉ። ሦስትና አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ይኖራሉ፤ ቅዳሜ በእግራቸው ወደ አገር ቤት ሄደው እሑድ ድርቆሽና በሶ ተሸክመው ይመለሳሉ። ወላጆች ወንድ ልጃቸውን ለዚህ ኑሮ ይለቃሉ፤ ሴት ልጃቸውን ግን ይፈራሉ። ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመንገድ የሚደርሰው አደጋ፥ በኪራይ ቤት ያለው ችግር ይታወቃል። በመሆኑም ስምንተኛን በጥሩ ውጤት ያለፈች ልጅ «ሩቅ ነው» በሚል አንድ ቃል ትቀራለች። ከእኔ ጋር ከጀመሩት ሴቶች ልጆች ውስጥ በዚህ ቃል የቀሩትን እኔ በስም አውቃቸዋለሁ፤ በዚህ በዓል ቀን ከእኛ ጋር ፎቶግራፍ አይነሡም።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ እንዳልሆነ፥ መድኃኒትም እንዳለው የሚያሳየው የሕንድ አገር ታሪክ ነው። ቢሃር የተባለው ክፍለ ግዛት ከሕንድ ድኆች ክፍለ ግዛቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋና ሚኒስትሩ ኒቲሽ ኩማር በመላው ክፍለ ግዛት ዘጠነኛ ክፍል ለምትገባ ልጅ ሁሉ ቢስክሌት መግዣ 2,000 ሩፒ እንዲሰጣት አደረጉ። ኋላ ሊቃውንት ሲመረምሩት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡት ልጃገረዶች ቁጥር 32 በመቶ ጨምሮ፥ በወንድና በሴት መካከል የነበረው ልዩነት ደግሞ 40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ለውጡ የበረታው ከትምህርት ቤት 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚርቁት መንደሮች ነበር። በገንዘቡ ሌላ ነገር እንዳይገዛበት ምን አስተማመናቸው የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ሁሉም ልጃገረዶች በአንድ ጊዜ ስላገኙት በአንድነት ተሰልፈው ይነዱ ነበር። ብቻዋን የምትነዳ ልጅ ትታፈራለች፤ አርባ ሆነው ሲነዱ ግን የሚያፍረው ሌላው ነው። በዛምቢያም እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በተደረገ ጥናት ቢስክሌት የተሰጣቸው ልጃገረዶች ከትምህርት መቅረታቸው 28 በመቶ ቀንሷል።

የቢሃር አሠራር ወደ እኛ አገር ቢመጣ እንዳለ የሚሆን አይደለም። ቢሃር ረግረግ ሜዳ ነው፤ ቢስክሌቱም በአገሩ ፋብሪካ ይሠራል። ለእኛ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና ዋጋው ከባድ ነው። ከዋጋው ሌላ ሁለት ችግሮች አሉ፤ ሁለቱም በአገራችን እጅ ያሉ ናቸው።

አንደኛው ዋልካው ነው። በክረምት ይህን ጭቃ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ እንደ ሊጥ ይጣበቅና መንኰራኵሩን ቀጥ ያደርገዋል። መስከረም ትምህርት ሲከፈትም ገና አይደርቅም። ፓራፋንጎውን መፍታት ጥቂት ይረዳል፤ ቁም ነገሩ ግን መንገዱ ነው። ለመኪና የሚሆን መንገድ ወደ እያንዳንዱ ቀበሌ ለመሥራት ስንት ዓመትና ስንት ሚሊዮን ብር እንደሚፈጅ አይተናል። ለቢስክሌት ግን አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፥ ከእርሻው ከፍ ብሎ ቦይ የወጣለት፥ ጠጠር የተነጠፈበት መሄጃ ይበቃዋል። ሴባስቶፖል 7 ቶን ነበር፤ ተማሪና ቢስክሌት ከነደብተሩ ቢመዘኑ ከ80 ኪሎ ብዙም አያልፉም። ገበሬዎቻችን በየዓመቱ በጥር በየካቲት ለአፈርና ውሃ ጥበቃ ወጥተው እርከን ሲሠሩ የሚፈነቅሉት ድንጋይ ለዚህ ከሚያስፈልገው አያንስም። እግረኛውም፥ አህያውም፥ በቃሬዛ የሚወሰደው በሽተኛም ይጠቀምበታል።

ሁለተኛው የጥገና ጕዳይ ነው። ከላማዳሪው በእሾህ ተወግቶ አየር የጨረሰ ቢስክሌት ከአህያ የባሰ ሸክም ነው፤ ባለቤቱ ተሸክሞት ይገባል። ባሕር ዳር ላይ በየመንገዱ ማዕዘን ጎሚስታ አለ፤ በገጠር ግን የለም፤ ለዚህም ነው አንዳንድ ሰው ገዝቶ ካመጣ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚተወው። ስለዚህ ቢስክሌት ከመምጣቱ በፊት ወይም አብሮ የሚለጥፍ እጅ መኖር አለበት። ትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ክፍል አንድ ጠረጴዛ ለዚህ ቢሰጥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ሙጫ፥ የብርጭቆ ወረቀት፥ ከአሮጌ ከላማዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ፥ የተወጋውን ቦታ አረፋውን አይቶ ለማግኘት አንድ ሳህን ውሃ፥ በመጨረሻም መንፊያ ነው። ሥራውን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በግማሽ ቀን ይማረዋል።